ሶኬቱን ነቅለው ያንብቡት

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት እናቴ፣

እንደምን ከረሙልኝ? የጣትዎ ቁርጥማት እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበትዎስ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይዝልብዎታል፣ ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልዎት ቅባት ትንሽ አለዘበው? ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ ዓይንዎ እየደከመ ነው ብላኛለችና ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌ ነው የምጽፍልዎት። ያም ሆኖ ካስቸገረዎት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ያንብቡት። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ጤናዬ ደህና ነው። ባለቤቴም ደህና ናት፤ ሰላምታዋን አደራ ብላኛለች።

ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝና ሌላ መስመር ከማንበብዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ይነሱና የሳህን ማጠቢያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ያላቅቁት። ሶኬቱ ሲንኩ ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ከሳሙናዎቹ ጀርባ ነው። እጅዎ ደረቅ ይሁን። ወለሉ ላይ ውሃ ካለ ግን ወደ ሶኬቱ አይጠጉ፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው የመብራት ሳጥን ከላይ ሁለተኛውን ብሬከር፣ ኃይል የሚያቋርጠውን ማጥፊያ፣ ወደ ታች ይጫኑና ይመለሱ። ትናንት በልብስ ሰፊዋ አፍ ልኬብዎት ነበር፤ አድርገውትም ይሆናል። ቢሆንም እንደገና ሄደው ይዩልኝ። እጠብቅዎታለሁ።

ተመለሱ? እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ትንሽ ተነፈስኩ።

ትናንት ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መለዋወጫ ከምንሰጥበት መስኮት ላይ ስትቆም፣ እኔ መደርደሪያው ሥር አጎንብሼ የበር ጎማዎችን እያስተካከልኩ ነበር። ለእርስዎ ማሽን የሚሆን ፓምፕ አላችሁ ወይ አለችኝ። ለምን ብላት፣ ውሃው አልወርድ ብሎ እዚያው ተኝቷል፣ እማማም በሟቹ ልጃቸው ካቻቢቴ የታችኛውን ክዳን ፈተው ውስጡን ሲያዩ ሽቦ ብቻ ሆነባቸው አለች። እንዲያው እንደ ዋዛ ነው የምታወራው። ሶኬቱ ተነቅሏል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እኔ እንጃ፣ የማሽኑ መብራት እንኳ ብልጭ ብልጭ ይላል አለች። ክው አልኩ። የያዝኩት ጎማ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ሂጂ፣ ሩጪ፣ ሶኬቱን ንቀይ፣ ክዳኑን መልሰሽ ግጠሚ፣ እማማን ከዚያ ኩሽና አስወጪልኝ እያልኩ ጮህኩባት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምስኪን፣ ምን ያጠፋች መስሏት ይሆን? ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

እርስዎ ለምን እንደፈቱት አውቃለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ና ብለው ሲልኩብኝ ስላልመጣሁ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ አልኩ። ከዚያ አማቴ ታመዋል አልኩ፤ አማቴን ያውቋቸዋል፣ እንኳን ሊታመሙ እኛን ሁላችንን የሚያስታምሙት እሳቸው ናቸው። ሰበብ ሲያልቅብኝ ዝም አልኩ። ሌላ ሠራተኛ ልላክልዎት ስልም አሻፈረኝ አሉ። ልጄ በእጁ የገጠመልኝን ዕቃ ከጓደኛው በቀር ማንም አይነካውም ማለትዎን ሲነግሩኝ፣ ኩራት ሊሰማኝ ሲገባ ኮቴን ደርቤ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ቆየሁ።

ደግሞ ጭራሽ አልመጣሁም ማለትም ውሸት ነው። ሁለት ጊዜ እስከ መንገዱ መታጠፊያ መጥቼ፣ የኩሽናዎን መስኮት አይቼ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ቀን እርስዎ መጋረጃውን ሲገልጡ አይቼ ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ተሸጎጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ማለት ነው። ዳቦ ጋጋሪው ምን ሆነሃል ቢለኝ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነው አልኩት። ጫማዬ ክር የለውም። ሰውየው ጫማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ ትኩስ ዳቦ በእጄ አስያዘኝ። የታመምኩ መስዬው ይሆናል።

እፈራለሁ፣ እማማ። ሌላ ስም ላወጣለት ስሞክር ኖርኩ እንጂ ነገሩ ፍርሃት ነው። ልጅዎ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ የማሽን ሆድ ዕቃ ነክቼ አላውቅም። ዕቃ ክፍል ልዛወር ስለው አለቃዬ ሐዘን ነው ብሎ ፈቀደልኝ፤ እኔም አዎ ሐዘን ነው አልኩ። ቤቴ ውስጥ መብራት የማበራው እጅጌዬን ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ነው። ውሃ ማፍያው ሲንጣጣ ከክፍሉ እወጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፤ አንተ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ ብለህ አይደል እንዴ ያገባኸኝ ትለኛለች። አሁን መሳቁን ትታለች። አምፑል ሲቃጠል ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ ትቀይራለች፣ እኔ ወንበሩን እይዛለሁ።

ስለዚህ ደብዳቤውን በሁለት ወረቀት ጽፌዋለሁ። ይህን የመጀመሪያውን ከልብስ ሰፊዋ ጋር ኩሽና ውስጥ ሆነው ያንብቡት፤ ሥራውን እሷ ትሥራ፣ እርስዎ ወንበር ላይ ሆነው ይዘዙ። ለነገሩ ማዘዝ አያቅትዎትም። ሁለተኛውን ግን እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዎን ያንብቡት።

እንግዲህ ውሃው አልወርድ ማለቱን እንየው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የማጣሪያው ነው። ልጅዎና እኔ ሰው ቤት ስንገባ ባለቤቲቱ ማሽኑ ሞተብኝ ብላ ስትቀበለን፣ አልሞተም እመቤቴ፣ ትን ብሎት ነው ይላት ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ እጅጌውን ይሰበስባል። መሥሪያ ቤት እሱን «ቀስ በል» ነበር የምንለው፣ እኔን ደግሞ «ችኩሉ»፤ እኔ መሣሪያ ሳወጣ እሱ ገና ማሽኑን ሰላም እያለ ነው። የታችኛውን የሳህን መደርደሪያ ስባችሁ አውጡት። የተኛውን ውሃ በኩባያ ቅዱት፣ የቀረውን በስፖንጅ ምጠጡት። ከወለሉ መሀል ክብ ወንፊት ታያላችሁ። ወደ ግራ ስትዞር ትለቃለች፤ ካልለቀቀች ቅባት ይዟት ነውና ሙቅ ውሃ አፍስሳችሁ ትንሽ ጠብቁ እንጂ አትታገሏት። አውጥታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በሳሙና እሽት እሽት አድርጓት። የሩዝ ፍሬ፣ የሎሚ ዘር፣ ከጠርሙስ ላይ የተላጠ ወረቀት ይወጣል። ከአንድ ቤት የጋብቻ ቀለበት አውጥተናል፤ ባልየው ጠፋብኝ ካለ ዓመት አልፎት ነበር፣ ሚስቲቱም ዓመት ሙሉ አላመነችውም ነበር።

ወንፊቷ ከነበረችበት ሥር ጉድጓድ አለች። እዚያ ባዶ እጅ አይግባ። የተሰበረ ብርጭቆ ስባሪ እዚያ ነው የሚደበቀው። ልብስ ሰፊዋ ጓንት አድርጋ በማንኪያ ጠርጋ ታውጣው። ሶኬቱ መነቀሉን አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩልኝ። እንደሚሰለቻችሁ አውቃለሁ፤ ይሰልቻችሁ።

ወንፊቷ ከጠራች በኋላ ሲንኩ ሥር ያለውን ቱቦ ተመልከቱት። ቆርቆሮ መሳይ ግራጫ ቱቦ ነው፣ ሽብሽብ ያለ። ልጅዎ ሲገጥመው ወደ ላይ አንስቶ በሽቦ አስሮት ነበር፤ ወደ ታች ከወረደ የሲንኩ እድፍ ውሃ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ደግሞ እርስዎ ያገኙትን ባልዲና ጠርሙስ ሁሉ እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ይጎስራሉና አንዱ ተጭኖት አጥፎት ይሆናል። እጥፋቱ እንደተፈታ ውሃው መንገዱን ያገኛል። ሲንኩ ራሱ ውሃ የሚያዘገይ ከሆነም ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው የሚጠራው።

ሳህኖቹ ሳይጠሩ ይወጣሉ ያሉትን ደግሞ ልጅዎም ቅር ብሎት ይነግረኝ ነበር፣ እናቴ ሳህኑን እንደ ጠዋት አውቶቡስ ታጭቀዋለች እያለ። አይቆጡ፣ ቃሉ የእሱ ነው። ከላይና ከታች የሚሽከረከሩ ሁለት ክንፎች አሉ። በእጃችሁ ገፋ አድርጓቸው፤ ሲዞሩ የድስት እጀታ ወይም ረጅም ማንኪያ ከነካቸው ቆመው ነው የሚያጥቡት፣ ማለትም አያጥቡም። በክንፎቹ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ክፈቷቸው። መርፌ አትጠቀሙ፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌ እንደምታመጣ ስለማውቅ ነው። ብርጭቆው ላይ የሚቀረው ነጭ አቧራ መሳይ ነገር ከውሃው የመጣ ኖራ ነው። የማሽኑ ጨው ማስቀመጫ ባዶ ሆኖ ይሆናል። እሱን ሞልታችሁ፣ ማሽኑ መሥራት ሲጀምር አንድ ኩባያ አቼቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና ያለ ዕቃ በሙቅ ውሃ አዙሩት። ሽታውም አብሮ ይሄዳል፤ የበሩን ጎማ እጥፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሳትረሱ።

ሳህን በእጅ የሚታጠብበት ፈሳሽ ሳሙና ግን ማሽኑ ውስጥ በፍጹም። አንድ ሽማግሌ ቤት ሚስታቸው መንገድ ሄደው ሳለ ሳሙና ሲያልቅባቸው የእጁን አፍስሰው ጠበቁን፤ በሩን ስንከፍት አረፋው ኮሪደሩ ድረስ መጥቶ ተቀበለን። ሽማግሌው ወንበር ላይ እግራቸውን ሰቅለው ተቀምጠዋል። ልጅዎ ጫማውን አወለቀና፣ አባባ፣ እንዲህ ያለ አቀባበል ተደርጎልን አያውቅም አላቸው። እኔ እስከ ማታ ስስቅ ዋልኩ። አሁን ይህን ስጽፍልዎት ድምፁን እየሰማሁት ነው።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ፣ የታችኛው ክዳን ከነብሎኖቹ መገጠሙን ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ አይታ፣ እጃችሁም ወለሉም ደርቆ፣ ያኔ ሶኬቱን ሰክታችሁ ሞክሩት። በሩ ቀጭ ብሎ ካልተዘጋ አይነሳም፤ ያ ብልሽት አይደለም። ውሃው ከወረደ እሰየው። መብራቱ አሁንም ብልጭ ብልጭ ካለ ግን ውሃ ከሥር ተጠራቅሟል ማለት ነው። ከሥሩ አንዲት ተንሳፋፊ አለች፣ ውሃ ሲያነሳት ማሽኑን ታስቆመዋለች፤ ሰው ለመጠበቅ የተሠራች ናት። ያኔ አጥፉት፣ ንቀሉት፣ ክዳኑንም እንዳትነኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በደብዳቤ አይሆንም።

ይህ ወረቀት እዚህ ላይ ያልቃል። ልብስ ሰፊዋን አመስግነው ይሸኟት።

—

እማማ፣

ሄደች? በሩን ዘግተው ይቀመጡ። መነጽርዎን አውልቀው ከሆነ መልሰው ያድርጉት።

ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ነው፣ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ። ልብስ ሰፊዋ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ትወስደዋለች። እስከዚያ ልቤ እንዳይከዳኝ ብዬ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ከተበላሸ ለዚያ ነው።

ሥራ ላይ አንድ ደንብ ነበረን። ማሽን ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ብሬከሩን በገዛ እጁ ያጠፋል። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ሳጥኑ ላይ ይሰቅላል። ኮፍያ የተሰቀለበትን ሳጥን ማንም አይነካም፣ የቤቱ ባለቤትም ቢሆን፣ አለቃም ቢሆን። ኮፍያውን የሚያነሳው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው። ይህን ደንብ ያመጣው ልጅዎ ነበር። መጀመሪያ እንስቅበት ነበር፤ ራሰ በራነቱን ለደንበኛ ሊያሳይ ነው እንል ነበር። በኋላ ሁላችንም ለመድነው። ለእርስዎም ማሽኑን የገጠመልዎት ቀን ኮፍያውን ሰቅሎ አሳይቶዎታል፤ እርስዎም ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅዎ ጥንቃቄ ለሰው ሲያወሩ ኮፍያዋን ሳይጠሩ አልፈው አያውቁም ነበር።

ከቀብር የተመለስን ቀን፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ እጄን ያዙኝና ኮፍያው የት ነበር አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ከመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ነው የተገኘው አልኩዎት። እጄን ለቀቁኝ። ከዚያ ለራስዎ በሚመስል ድምፅ፣ እንግዲያው አልሰቀለውም አሉ። መሥሪያ ቤቱም ኃይል ሳያቋርጥ በመሥራቱ፣ በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ኤሌክትሪክ ገደለው ብሎ ሪፖርቱን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፅዎ ዝቅ ይላል። ለልብስ ሰፊዋ፣ ልጄን አውቀዋለሁ ስል ኖርኩ፣ ለካ አላውቀውም ብለዋታል። ይህን ነግራኝ ስትሄድ መስኮቱን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያውቁታል። እንደሚያውቁት ነው። ባረፈበት ቀን፣ ማሽን ልንጠግን በሄድንበት ቤት፣ ብሬከሩን አጥፍቶ ነበር፤ ሲያጠፋ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ኮፍያውንም ሰቅሏል።

ከዚያ አዲስ ፓምፕ ሊያመጣ ወደ መኪናው ወጣ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ከሥራ ክፍሏ ወጣች። ኩሽናውና የእሷ ክፍል በአንድ ብሬከር ላይ ነበሩ። በዚያች ሰዓት የግድ መላክ ያለባት ጽሑፍ እንዳለ፣ ለአንድ ደቂቃ፣ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ መብራት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ፊቷ ቀልቶ ነበር፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቀና ብዬ ኮፍያውን አየሁት። አላየሁትም ብዬ አልዋሽዎትም። ልጅዎ ገና መኪናው ጋ ነው ብዬ አሰብኩ። በጓሮ በር መመለሱን አላወቅኩም። ከኮሪደሩ እስከ ኩሽናው በር አሥር እርምጃ ነው፤ በኋላ ሄጄ ረግጬ ለክቼዋለሁ። እነዚያን አሥር እርምጃዎች አልሄድኩም።

ኮፍያውን ከሳጥኑ ላይ ያነሳሁት፣ ብሬከሩንም መልሼ ያበራሁት እኔ ነኝ።

ከኩሽናው የሰማሁትን አልጽፍልዎትም። ብዙ እንዳልቆየ ግን ይወቁት፤ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ሰው ሲሰበሰብ ኮፍያው በእጄ ነበር። ቦርሳው እግሬ ሥር ተከፍቶ ተቀምጧል። ፈራሁ፣ ከተትኩት። ሲጠይቁኝ ግቢ ውስጥ ነበርኩ አልኩ። ሴትዮዋም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በር ላይ ስንተላለፍ ተያየን፣ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። እርስዎ ግን በየወሩ ጠርተው፣ የእሱን ወንበር ስበው፣ ብላ ልጄ ይሉኝ ጀመር። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀመጥኩበት፤ እርስዎ ይህን ሁሉ ጊዜ በልጅዎ ሲያፍሩ እያየሁ በላሁ። ከጉንፋኑም ከአማቴም በፊት የነበረው ውሸት ይኼ ነው።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ እንደሄደች ለአለቃዬ ጽፌ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ለእናቱ ነግረሃል ወይ አለኝ። ነገ እጽፍላቸዋለሁ አልኩት። እሳቸው ሳይሰሙ እኔ አላነበብኩትም ብሎ መሳቢያው ውስጥ አስገባው፤ ሰኞ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ይሁን። እሱን እንኳ ያን ያህል አልፈራውም። የምፈራው ይህን መስመር ሲያነቡ የሚሆነውን ፊትዎን ነው። ትናንት ደግሞ አዲስ ፍርሃት ጨመሩልኝ፤ በገዛ ኩሽናዎ፣ በእሱ ካቻቢቴ፣ እኔ አልመጣ ስላልኩ ሁለተኛ ሰው በእኔ ምክንያት ሊሄድ ነበር። ዝም ብዬ ልኑር ያልኩት ሁሉ ያኔ አበቃ።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በርዎ ላይ እመጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አንኳኳለሁ። ካልከፈቱልኝ ቅር አይለኝም፤ የሌላ ጥገና ሠራተኛ ስልክ በበሩ ሥር አስገብቼ እሄዳለሁ። እሱ ሥራውን የተማረው ከልጅዎ ነው፣ አይፍሩት፣ ያስነኩት።

ከከፈቱልኝ ግን ማሽኑን እኔ እፈታዋለሁ። ብሬከሩን አጠፋና ኮፍያዬን እሰቅላለሁ። ከዚያ ከሳሎን ወንበር አምጥቼ ኮሪደሩ ላይ፣ ሳጥኑ ሥር አስቀምጥዎታለሁ። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ትሁን፣ ሌላም ሰው አይኑር። እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ ሁለት እጄን ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ሳስገባ፣ ከሳጥኑ አጠገብ የሚቀመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። እስክጨርስ ድረስ ዞር ብዬ አላይዎትም።

ፈጣሪ ለጣትዎ ብርታት፣ ለጉልበትዎ አቅም፣ ለዓይንዎ ብርሃን ይስጥልኝ። የልጅዎን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍልኝ። ስሙን ሲጠሩ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንዲጠሩት ያብቃዎት።

ልጄ ብለው ሲጠሩት አቤት ሲልዎት የኖረው፣
የልጅዎ የሥራ ጓደኛ